ከይቅርታ ደብዳቤው እስከ ምርጫ ሳጥኑ፦ በጭንቅ ውስጥ ያለው የኔታንያሁ ዘመቻ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2025 የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ኔታንያሁ ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት ለአይዛክ ሄርዞግ የይቅርታ ማመልከቻ አቀረቡ። ማመልከቻው ከመቶ ገጽ በላይ ነው። በዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ ግን ጥፋትን ማመን የለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዚያው ዕለት ባሰራጩት የቪዲዮ መልእክት ችሎቱ ሕዝቡን እየከፋፈለ መሆኑን፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለምስክርነት መቅረብም አገር ለሚመራ ሰው የማይቻል መሆኑን አስረድተዋል። በጉቦ፣ በማጭበርበርና እምነትን በማጉደል ከተከሰሱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ችሎቱ የተጀመረው በሜይ 2020 ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ክሱ በማስረጃ እጦት እንደሚፈርስ ሲናገሩ የኖሩት ሰው፣ እንደሚፈርስ የተናገሩለትን ክስ ፕሬዚዳንቱ እንዲያስቀሩላቸው ጠየቁ።

በእስራኤል ሕግ ይቅርታ ማድረግ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ሲሆን፣ በልማድ ግን የሚሰጠው ፍርድ ካለቀ በኋላ ነው። ከልማዱ የወጣው ታዋቂ አጋጣሚ የ1986ቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አውቶቡስ ጠልፈው በሕይወት የተያዙ ሁለት ፍልስጥኤማውያን በሺን ቤት ሰዎች እጅ ተገድለው ነበር፤ ጉዳዩ ሲጋለጥ የድርጅቱ ኃላፊና ሌሎችም ለፍርድ ሳይቀርቡ ይቅርታ ተደረገላቸው። ያን ይቅርታ የፈረሙት ፕሬዚዳንት ሐይም ሄርዞግ ይባላሉ፤ የዛሬው ፕሬዚዳንት አባት ናቸው። የኔታንያሁ ደብዳቤ አሁን በልጃቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

ቀጣዩ ምርጫ በሕጉ መሠረት ከኦክቶበር 27 ቀን 2026 ማለፍ አይችልም። በ2025 መጨረሻ ዘመቻው በይፋ አልተከፈተም ነበር፤ በተግባር ግን ከተጀመረ ቆይቶ ነበር። ያለፉት ወራት ርምጃዎችም በአንድ ዐይነት መስመር ላይ ይወድቃሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከመራጩ ለማግኘት እርግጠኛ ያልሆኑትን ነገር ከሌላ በር እየፈለጉ ነው፦ ከፕሬዚዳንቱ ይቅርታ፣ ከዋሽንግተን ተማጽኖ፣ ከምክር ቤቱ ደግሞ ለራሳቸው የሚመች አጣሪ አካል። በድምፅ ሳጥኑ የሚተማመን መሪ ይህን ሁሉ በር አያንኳኳም። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል ይባላል። እኚህ ሰው ግን ከዚህ ቀደም በጨበጡት አረፋ ብዙ ጊዜ ከዳር ወጥተዋልና የጭንቀታቸውን ምልክት የሽንፈታቸው ምልክት አድርጎ ማንበብ ስሕተት ይሆናል።

በጦርነት መካከል ወይም በጦርነት ማግሥት ድምፅ መጠየቅ በእስራኤል አዲስ ነገር አይደለም። ሜናኼም ቤጊን በጁን 1981 የኢራቅን የኑክሌር ማብለያ ካስደበደቡ ከሦስት ሳምንት በኋላ ምርጫ ገቡ፤ ሊኩድ 48 መቀመጫ፣ ተቀናቃኙ 47 አገኙ። በዲሴምበር 2008 መጨረሻ በጋዛ ላይ የተከፈተው ዘመቻ ጋብ ባለ ሦስት ሳምንት ውስጥ በተካሄደው ምርጫ ደግሞ ጦርነቱን የመራው የካዲማ ፓርቲ 28 መቀመጫ ይዞ አንደኛ ቢወጣም መንግሥት መመሥረት አልቻለም። መንግሥት የመሠረቱት 27 መቀመጫ የነበራቸው ኔታንያሁ ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ግን የ1996ቱ ነው። ሺሞን ፔሬስ ይትዛክ ራቢን ከተገደሉ በኋላ ሥልጣን ይዘው፣ በተከታታይ የአጥፍቶ መጥፋት ጥቃቶች ተዳክመው፣ በጸጥታ ጉዳይ ለስላሳ አለመሆናቸውን ለማሳየት በኤፕሪል ወር በደቡብ ሊባኖስ ላይ ሰፊ ዘመቻ አዘዙ። በወሩ 18ኛ ቀን በቃና መንደር ሰላማዊ ሰዎች የተጠለሉበት የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሰፈር በመድፍ ተመታ። ከመቶ በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከመካከላቸው ሕፃናት ብዙ ነበሩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ምርጫው ሲካሄድ የእስራኤል ዜጋ ከሆኑ አረቦች መካከል ፔሬስን ለመምረጥ እጃቸው እንቢ ያላቸው ጥቂት አልነበሩም፤ ባዶ ወረቀት ከሳጥን የከተቱም ነበሩ። ፔሬስ ከ30 ሺህ በታች በሆነ ድምፅ ተሸነፉ። በዚያች ጠባብ ልዩነት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት የ46 ዓመቱ ቤንያሚን ኔታንያሁ ነበሩ። ስለዚህ ጦርነት ብቻውን ወንበር እንደማያስጠብቅ ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ከ2025 ክስተቶች ሁለቱን በቀናቸው ማስቀመጥ ይበቃል። የመጀመሪያው የማርች ነው። በዚያ ወር መጨረሻ የአገሪቱ በጀት ካልጸደቀ መንግሥቱ በሕግ በራሱ ይፈርሳል። የጸጥታ ሚኒስትር የነበሩት ኢታማር ቤን ግቪር በጃንዋሪው የጋዛ ተኩስ አቁም ተቆጥተው ከጥምር መንግሥቱ ወጥተው ነበር። ማርች 18 ሌሊት፣ በረመዳን፣ ሰዎች ለሱሑር በሚነሡበት ሰዓት፣ የእስራኤል አውሮፕላኖች ተኩስ አቁሙን አፍርሰው ጋዛን ደበደቡ። በዚያ አንድ ቀን ከ400 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የጋዛ ጤና ሚኒስቴር አስታወቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዚያው ቀን ፍርድ ቤት ቀርበው መመስከር ነበረባቸው፤ ቀጠሮው ተሰረዘ። ቤን ግቪር ወደ መንግሥቱ ተመለሱ። በሳምንቱ በጀቱ በ66 ድምፅ ለ52 ጸደቀ።

ሁለተኛው የጁን ነው። ጥብቅ ሃይማኖተኛ የሆኑት የሐሬዲ ፓርቲዎች በወታደራዊ ግዳጅ ጉዳይ ተቆጥተው ምክር ቤቱ እንዲበተን ከተቃዋሚዎች ጋር ሊቆሙ ሲዝቱ ሰነበቱ። ጁን 12 ንጋት ላይ በመጨረሻ ሰዓት በተደረገ ድርድር የመበተኛው ረቂቅ በ61 ለ53 ወደቀ። በማግሥቱ ንጋት እስራኤል ኢራንን መደብደብ ጀመረች።

እነዚህን ቀናት ጎን ለጎን አስቀምጦ ጦርነቱ የተከፈተው ለበጀት ወይም ለምክር ቤት ድምፅ ሲባል ነው ብሎ መደምደም ማስረጃ ይጠይቃል፤ በኢራን ላይ የተደረገው ዝግጅትም የዓመታት ነው። መራጩ ግን እንደ ዳኛ ማስረጃ አይጠይቅም። የታጋች ቤተሰቦች በቴል አቪቭ አደባባይ በየሳምንቱ የሚያሰሙት ክስ ይኸው ነበር፤ የጦርነቱ ሰዓት የሚቀዳው ከጥምር መንግሥቱ ሰዓት ነው የሚል። አንድ መሪ በጦርነት ውስጥ ሊደርስበት ከሚችለው ሁሉ ከባዱ፣ የገዛ ሕዝቡ የውጊያ ትእዛዙን ምክንያት መጠራጠር መጀመሩ ነው። በሌላው ወገን ያለው ሒሳብ ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በኖቬምበር 2025 መጨረሻ በጋዛ የተገደሉት ቁጥር እንደ ጤና ሚኒስቴሩ ቆጠራ ከ70 ሺህ አልፏል። ኦክቶበር 10 የጸናው ተኩስ አቁም ድብደባውን ቀነሰው እንጂ አላስቆመውም። በኖቬምበር 23 ቤይሩት ተመታች፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናትም ጠቅላይ ሚኒስትሩ በደቡብ ሶሪያ በተያዘው መሬት ላይ ቆመው ፎቶግራፍ ተነሥተዋል።

የታጋቾች ነገር ከተነሣ፣ የአማርኛ ተናጋሪው አንባቢ የማይረሳው አንድ ታሪክ አለ። በአሽቀሎን ይኖር የነበረ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት በሴፕቴምበር 2014 አጥሩን ተሻግሮ ጋዛ ገብቶ ከአሥር ዓመት በላይ በሐማስ እጅ ቆየ። ቤተሰቡ መንግሥት የረሳን በቆዳችን ቀለም ነው እያለ ሲጮህ ኖረ። ወጣቱ የተፈታው በፌብሩዋሪ 2025፣ እንደ እሱ ለዓመታት ከተያዘ አንድ ሙስሊም በደዊ ጋር፣ በዚያው ኋላ በማርች በፈረሰው ስምምነት ነው። ሙሉ ድል የሚለው መፈክር ያላስፈታቸውን ሰዎች ያስፈታው ድርድር መሆኑን የእስራኤል መራጭ አይቷል፤ ዘመቻው ይህን ለመመለስ የሚቸገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ሐሬዲዎቹ ጉዳይ እንመለስ፤ የገዢው ጥምረት ቁስል ያለው እዚያ ነው። የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጁን 2024 የሃይማኖት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከግዳጅ ነጻ የሚሆኑበት ሕጋዊ መሠረት እንደሌለ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በሌላ በኩል ተጠባባቂ ወታደሮች ሥራቸውን፣ ንግዳቸውንና ቤታቸውን ትተው በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀናት ካገለገሉ በኋላ እንደገና ይጠራሉ። ኔታንያሁ ሁለቱን ማስታረቅ አልቻሉም። በጁላይ 2025 ሁለቱም የሐሬዲ ፓርቲዎች ከመንግሥት ሥልጣናቸው ወጡ። በዚያው ወር ጠንከር ያለ የግዳጅ ሕግ እንዲወጣ ሲሟገቱ የነበሩት የራሳቸው የሊኩድ አባል ዩሊ ኤደልስታይን ከውጭ ጉዳይና መከላከያ ኮሚቴ ሰብሳቢነት ተነሥተው ታማኝ ሰው ተተካ። በኖቬምበር መጨረሻም አዲስ ረቂቅ ቀረበ፤ ተቃዋሚዎቹ ግዳጅን የሚያስቀር እንጂ የሚያስፈጽም አይደለም ይሉታል። የሊኩድ መራጭ ልጁን ወደ ጦሩ የሚልክ ነው። መሪው ወንበራቸውን ለማቆየት ሲሉ ልጁን የማይልከውን ጎረቤት ሲያባብሉ ያያል።

ኦክቶበር 7 ቀን 2023 በእሳቸው ዘመነ ሥልጣን የደረሰ መሆኑ ሌላው ሸክም ነው። በ1968 በወጣው ሕግ መሠረት የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ሲቋቋም አባላቱን የሚሾመው የከፍተኛው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። ኔታንያሁ በመጀመሪያ ከጦርነቱ በኋላ እናያለን አሉ። በኖቬምበር 2025 ደግሞ መንግሥታቸው የማጣራቱን ወሰን ሚኒስትሮች የሚያሰምሩበት ሌላ አካል ለማቋቋም ወሰነ። ተመርማሪው የመርማሪውን ሥልጣን ይለካል ማለት ነው። ጎልዳ ሜየር በ1973ቱ ጦርነት ማግሥት ይህን አላደረጉም። በዚያ ዓመት ጦርነቱ ምርጫውን ከኦክቶበር ወደ ዲሴምበር አዘገየው፤ ፓርቲያቸው ከ56 መቀመጫ ወደ 51 ወርዶ አሸነፈ፤ የአግራናት ኮሚሽን በኤፕሪል 1974 ጥፋቱን በዋናነት በጦር አዛዦች ላይ አድርጎ እሳቸውን ነጻ አወጣ። ጎልዳ ሜየር ያም ሆኖ ከቀናት በኋላ ሥልጣን ለቀቁ። በ1977 ደግሞ መራጩ የሌበርን የ29 ዓመት አገዛዝ ዘጋ፤ ሊኩድ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ መንግሥት የገባው በዚያ በር ነው። የቁጣው ውጤት በመጀመሪያው ምርጫ ላይ ባይታይ እንኳ እንደማይጠፋ የሊኩድ መሪ ከራሳቸው ፓርቲ ታሪክ ያውቁታል።

ከዚህ ሸክም ለመላቀቅ የተሞከረው ጥፋቱን በሌሎች ላይ ማድረግ ነው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ዮአቭ ጋላንት በኖቬምበር 2024፣ ዓለም በሙሉ የአሜሪካን ምርጫ ውጤት በሚጠብቅበት ቀን፣ ተባረሩ። የሺን ቤት ኃላፊ ሮነን ባር እንዲነሡ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በማርች 2025 ወሰነ፤ ድርጅታቸው በዚያን ጊዜ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ረዳቶች ከኳታር ጋር በተያያዘ ጉዳይ ይመረምር ስለነበር ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሕገ ወጥ አለው። በኦገስት ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓን ጋሊ ባሃራቭ ሚያራን ለማሰናበት ድምፅ ተሰጠ፤ ይህንንም ፍርድ ቤት አገደው። ለፍልስጥኤማውያን እስረኞች የሞት ቅጣት የሚያመጣው ረቂቅ በኖቬምበር የመጀመሪያ ንባቡን አልፏል። ለቤን ግቪር ደጋፊዎች የተጣለ ጉርሻ ነው።

የዋሽንግተን በር ከሁሉ ሰፊው ነው። ዶናልድ ትራምፕ ኦክቶበር 13 ቀን በክነሴት መድረክ ላይ ቆመው፣ የሲጋራና የሻምፓኝ ነገር ማንን ይገደዋል በሚል መንፈስ፣ ፕሬዚዳንት ሄርዞግን ለኔታንያሁ ይቅርታ እንዲያደርጉ ጠየቁ። ከአንድ ወር በኋላ በደብዳቤ ደገሙት። እርዳታው ግን ዋጋ አለው። በሴፕቴምበር 9 ዶሃ ላይ የሐማስን ተደራዳሪዎች ለመግደል የተላኩት አውሮፕላኖች ዒላማቸውን ሳቱ፤ ከሃያ ቀን በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከኋይት ሀውስ ስልክ አንሥተው የኳታርን ጠቅላይ ሚኒስትር ይቅርታ እንዲጠይቁ ተደረገ። ማንም አያዘንም በሚል ቃል ዘመቻውን የሚመራ ሰው፣ የተኩስ አቁሙን ቀን የሚወስንለት ሌላ፣ የፍርድ ቤቱንም ጉዳይ የሚማጸንለት ሌላ ሲሆን፣ ተቃዋሚዎቹ ይህን እየመነዘሩ ለመራጩ ማሳየታቸው አልቀረም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዞ ሰውየው አልቆላቸዋል ማለት ይቀናል። ግን የቀድሞዎቹን የመጨረሻ ሰዓታት እናስታውስ። በማርች 2015 ኋላ ቀርተው ነበር። በምርጫው ዋዜማ እሳቸው እስካሉ ድረስ የፍልስጥኤም መንግሥት እንደማይቋቋም አስታወቁ፤ በምርጫው ቀን ደግሞ አረብ መራጮች በገፍ ወደ ሳጥኑ እየጎረፉ ነው የሚል ቪዲዮ አሰራጩ። ሊኩድ 30 ለ24 አሸነፈ። ይቅርታ የጠየቁት ካሸነፉ በኋላ ነው። በኤፕሪል 2019 የሊኩድ ታዛቢዎች ወደ አረብ ምርጫ ጣቢያዎች ወደ 1,200 የሚሆኑ ካሜራዎች ይዘው ገቡ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር፣ ሁለተኛው ምርጫ ሳምንት ሲቀረው፣ የዮርዳኖስን ሸለቆ ወደ እስራኤል እቀላቅላለሁ ብለው ቃል ገቡ። በዚያ ምሽት በአሽዶድ ንግግር እያደረጉ ሳለ የሮኬት ማስጠንቀቂያ ደውል ጮኸና ጠባቂዎቻቸው ከመድረክ አወረዷቸው። በዚያ ምርጫ 32 ለ33 ተቀደሙ፤ ተቀናቃኛቸው ግን መንግሥት ለመመሥረት አልቻለም፤ እሳቸው በወንበራቸው ቆዩ።

በ2025 መጨረሻም የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች በአብዛኛው የእሳቸውን ጎራ ከሚያስፈልገው 61 መቀመጫ በታች ያሳዩት ነበር፤ ሊኩድን ግን ከግንባር ቀደሞቹ አላወረዱትም። ተቃዋሚው ተከፋፍሏል። ናፍታሊ ቤኔት አዲስ ፓርቲ ይዘው መጥተዋል፤ የቀድሞው ኤታማዦር ሹም ጋዲ አይዘንኮትም የራሳቸውን አቋቁመዋል፤ ያየር ላፒድና አቪግዶር ሊበርማን አሉ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ከአረብ ፓርቲዎች ጋር መንግሥት እንደማይመሠርቱ ከወዲሁ ተናግረዋል።

በዚህ ነጥብ ላይ ለአካባቢያችን አንባቢ አንድ ነገር መሸሸግ አይገባም። የኔታንያሁ መሸነፍ ለፍልስጥኤማውያን ጉዳይ ራሱን የቻለ ለውጥ ተደርጎ የሚቆጠር አይደለም። ክነሴት በጁላይ 2024 የፍልስጥኤም መንግሥት መቋቋምን በ68 ድምፅ ለ9 ሲቃወም ከደጋፊዎቹ መካከል በተቃዋሚ ወንበር የተቀመጡ ነበሩበት። ቤኔትም የሁለት መንግሥታት መፍትሔ ወዳጅ ሆነው አያውቁም። በምርጫው የሚለወጠው ምናልባት ቤን ግቪርና ቤዛሌል ስሞትሪች በምዕራብ ዳርቻ ሰፈራና በፖሊስ ላይ ያላቸው ሥልጣን ነው። ይህም ቀላል አይደለም፤ የወይራ ዛፉ በየወቅቱ ለሚቆረጥበት ገበሬ የትኛው ሚኒስትር ፖሊሱን ያዝዛል የሚለው የዕለት ኑሮው ጥያቄ ነው።

ሊጤኑ የሚገቡ ቀናት ጥቂት ናቸው። የ2026 በጀት እስከ ማርች 31 ካልጸደቀ ምክር ቤቱ ይበተን፣ ምርጫውም ይቀድም ነበር። የሄርዞግ መልስ ከዚያ በፊትም በኋላም ሊመጣ ይችል ነበር። ከሁሉ ይልቅ ግን የማዕከላዊ ምርጫ ኮሚቴውን መጠበቅ ያሻል። ኮሚቴው በከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ይመራ እንጂ አባላቱ የፓርቲ ተወካዮች ናቸው፤ የአረብ ዝርዝሮችን ከውድድር የማስወጣት ድምፅም በየምርጫው ይሰጥበታል፤ ፍርድ ቤቱም ብዙ ጊዜ ይሽረዋል። በ2022 ባላድ የተባለው የአረብ ፓርቲ በዚህ መንገድ ታግዶ በፍርድ ቤት ተመለሰ። ከአጋሮቹ ተነጥሎ ብቻውን ቢወዳደርም 3.25 በመቶውን መስፈርት ሳያልፍ ቀረ፤ ግራ ዘመሙ ሜሬትስም በጥቂት ሺህ ድምፅ ከደጅ ቀረ። በዚያ ምርጫ ሁለቱ ጎራዎች ያገኙት ጠቅላላ ድምፅ ሲቆጠር ልዩነቱ እጅግ ጠባብ ነበር። ኔታንያሁ ግን 64 መቀመጫ ይዘው ወጡ።

የአረብ ፓርቲዎቹ በአንድ ዝርዝር ይወዳደሩ እንደሆነ እስከ ዲሴምበር 2025 ድረስ አልተስማሙም ነበር።